ምዕራፍ 4፦ ሰሚ ያጣ በገና

በ1792 ዓ.ም. በሐምሌ ወር (በዚህ ምዕራፍ የሚጠቀሱት ወራትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ አስቀድሞ ይወቅልኝ) በአየርላንድ ደሴት ሰሜናዊ ክፍል በምትገኘው በቤልፋስት ከተማ፣ ነጋዴዎችና ባለጸጎች ለምክርና ለጭፈራ በሚሰበሰቡበት አዳራሽ፣ ዐሥር የአገሩ ተወላጆች የሆኑ በገና ደርዳሪዎችና ከዌልስ የመጣ አንድ ባልንጀራቸው ለጥቂት ቀናት በተራ እየተቀመጡ ደረደሩ። በገና ስል የእኛ ዐሥር አውታር ያለው የዳዊት በገና እንዳይመስልባችሁ፤ የእነርሱ ባለ ሦስት ማዕዘን ሆኖ፣ 30 ያህል አውታር ከገበታው ወደ ጠማማው አንገቱ ሽቅብ የተወጠረበት፣ ፈረንጆች ሃርፕ የሚሉት ነው። ከደርዳሪዎቹ ብዙዎቹ ዓይነ ስውራን ነበሩ፤ በዚያ ዘመን ፈንጣጣ ዓይኑን ያጠፋውን ሕፃን ወላጆቹ ለእርሻ ስለማይበቃላቸው፣ ከአንድ የበገና መምህር እግር ሥር አስቀምጠው እንጀራ የሚያወጣለትን ጥበብ እንዲቀስም ያደርጉት ነበርና። ከሁሉም ታናሹ የ15 ዓመት ልጅ ነበር። ከሁሉም ታላቅ የነበረው ዴኒስ ሄምፕሰን ግን 97 ዓመት እንደ ሆነው ይነገር ነበር፤ ሌሎቹ ትተውት የነበረውን የጥንት ሥርዓት ይዞ የናሱን አውታር ባሳደገው ጥፍሩ እየቆነጠረ የሚመታ እርሱ ብቻ ነበር።

ጉባኤውን የጠሩት የከተማው ሰዎች የበገናው ጥበብ ወደ መቃብሩ መቃረቡን ስላወቁ፣ ከመሞቱ በፊት በወረቀት እንዲሰፍር ፈለጉ። ለዚህም ሥራ ኤድዋርድ በንቲንግ የተባለውን የ19 ዓመት ወጣት የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን መቺ ቀጠሩት፤ እርሱም ከሽማግሌዎቹ ጣት የወጣውን ዜማ እየተከታተለ ጻፈ፣ ከዚያም በየመንደሩ እየዞረ አከለበት፣ በ1796 ዓ.ም. 66 ዜማዎች የያዘ መጽሐፍ አሳተመ፣ በ1809 እና በ1840 ደግሞ ሌሎች ሁለት ጥራዞች አወጣ። ይህ ወጣት ባይኖር ኖሮ የጥንቱ የአየርላንድ በገና ምን ይል እንደ ነበር የሚነግረን ባልተገኘ ነበር፤ ነገር ግን ጆሮው በኦርጋንና በፒያኖ የተቃኘ ስለ ነበር፣ የሰማውን እንደ ሰማው ሳይሆን የከተማ እመቤቶች በፒያኖ ሊጫወቱት በሚችሉት መልክ እያቃናና እያለዘበ አሳተመው። በ1808 ዓ.ም. እነዚሁ የቤልፋስት ሰዎች የመጻፉ ሥራ ብቻውን እንደማይበቃ ተረድተው ለዓይነ ስውራን ልጆች የበገና ትምህርት ቤት ከፈቱ፣ በ1792ቱ ጉባኤ ከተገኙት አንዱ የነበረውን አርተር ኦኒልንም መምህር አድርገው ሾሙት። እንግዲህ መጽሐፉ ታተመ፣ ደቀ መዛሙርቱም ተማሩ፤ በገናው ግን ሞተ፤ በ1830ዎቹ መጨረሻ የትምህርቱ ነገር ጨርሶ ሲያከትም የናስ አውታሩን ከመምህር ወደ ተማሪ ሲያወርድ የኖረው ሰንሰለት ሊበጠስ ጥቂት ቀርቶት ነበር።

ለምን ሞተ? ተማሪው ከትምህርት ቤት ሲወጣ የሚደረድርበት ቤት ስላልነበረው ነው። ቀድሞ ደርዳሪውን በማዕዳቸው የሚያስቀምጡት፣ ፈረስ የሚሰጡትና ለዘር ማንዘራቸው ዜማ የሚያስደርሱት የአየርላንድ ነባር ባላባቶች በ17ኛው መቶ ዓመት ጦርነቶች ከርስታቸው ተነቅለው ስለ ነበር፣ ጥበቡ ጸሐፊና ተማሪ ቢያገኝም ሰሚ አጣ። እኔ ይህን ምዕራፍ ከቤልፋስት የጀመርኩት፣ ዛሬ በአየርላንድ፣ በዌልስ፣ በስኮትላንድና በፈረንሣይዋ ብሪታኒ፣ ከውቅያኖስ ማዶም በስደተኞቻቸው መንደሮች ሕዝብ ለዜማ፣ ለዘፈንና ለጭፈራ የሚሰበሰብባቸው በዓላት የሚመልሱት ጥያቄ ይኸው ይመስለኛልና ነው። ዜማን መጻፍ ይቻላል፣ ማስተማርም ይቻላል፤ ማን ቁጭ ብሎ ይሰማዋል፣ ማንስ ተነሥቶ ይጨፍርበታል የሚለውን ግን የሚመልሰው ጉባኤ ብቻ ነው።

ከመቀጠሌ በፊት ስለ ስሙ ጥቂት ልበል። «ኬልት» የጥንት የግሪክ ጸሐፊዎች በመካከለኛውና በምዕራብ አውሮፓ ለሚኖሩ ነገዶች የሰጡት ስም ሲሆን፣ በ1707 ዓ.ም. በኦክስፎርድ የአሽሞሊያን ሙዚየም ጠባቂ የነበረው ዌልሳዊው ሊቅ ኤድዋርድ ሉይድ አይሪሽ፣ የስኮትላንድ ጌሊክ፣ ዌልሽ፣ ኮርኒሽና ብሬቶን የአንድ ልሳን ቅርንጫፎች መሆናቸውን በሰፊው ካስረዳ በኋላ የእነዚህ ሕዝቦች የወል መጠሪያ ሊሆን በቃ። ስለዚህ ስሙ በመጀመሪያ የልሳን ስም እንጂ የዜማ ስም አልነበረም፤ የዌልስ መዘምራንና የብሪታኒ እምቢልታ ነፊዎች አንድ ላይ ቢቀመጡ የሚለያዩበት ከሚገናኙበት ይበዛል። «ከጥንት ኬልቶች የወረስነው» ተብሎ የሚነገርለት የሙዚቃ መሣሪያም ቢመረመር፣ ቫዮሊኑ መልኩን ያገኘው በኢጣሊያ፣ አኮርዲዮኑ የ19ኛው መቶ ዓመት የጀርመንና የቪየና ሠራተኞች ፈጠራ፣ ፖልካው የቦሔሚያ ጭፈራ፣ ቡዙኪው ደግሞ በ1960ዎቹ ከግሪክ የመጣ እንግዳ ሆኖ ይገኛል። ይህን የምለው ለማሳጣት አይደለም። አንድ ሕዝብ ባዕዱን ዕቃ አንሥቶ የራሱን ቋንቋ እንዲናገር ካደረገው ዕቃው የእርሱ ነው፤ የትውልድ ወረቀቱን የሚጠይቁት የሙዚየም ሰዎች ብቻ ናቸው።

የዌልስ ሰዎች ታሪክ ከዚህም የባሰ ግራ የሚያጋባ ነው። በዌልስ ልሳን «አይስቴዝቮድ» ማለት «መቀመጥ» ወይም «ጉባኤ» እንደ ማለት ሲሆን፣ የመጀመሪያው ነው ተብሎ የሚጠቀሰው ጉባኤ በ1176 ዓ.ም. በልደት በዓል ሎርድ ሪስ የተባለው መስፍን በካርዲጋን ግንቡ ባለቅኔዎችንና ሙዚቀኞችን ሰብስቦ አወዳድሮ ለአሸናፊዎቹ ወንበር የሰጠበት ነው። ይህ እውነት ነው። ዛሬ ግን በየዓመቱ በነሐሴ መጀመሪያ፣ አንድ ዓመት በሰሜን አንድ ዓመት በደቡብ እየተዘዋወረ በሚከበረው ብሔራዊ አይስቴዝቮድ ላይ ነጭ፣ ሰማያዊና አረንጓዴ ካባ ለብሰው በድንጋይ ክበብ መካከል የሚቆሙት «የባለቅኔዎች ማኅበር» አባላት ሥርዓታቸውን ያገኙት ከሎርድ ሪስ ሳይሆን፣ ኢዮሎ ሞርጋኑግ በተባለ የቅኔ ስም ከሚታወቀው ከድንጋይ ጠራቢው ከኤድዋርድ ዊልያምስ ነው። እርሱም ድሩይድ ከሚባሉት የጥንት ኬልቶች ካህናት ዘመን የተረፈ ነው እያለ ሥርዓቱን ከራሱ አእምሮ አፍልቆ፣ ማስረጃ የሚሆኑትንም ብራናዎች ራሱ ደርሶ፣ የመጀመሪያውን ጉባኤ በለንደን ፕሪምሮዝ ኮረብታ ላይ በሰኔ 1792 ዓ.ም. አደረገ፤ ይኸውም የቤልፋስት ደርዳሪዎች ከመሰብሰባቸው ከሦስት ሳምንት በፊት መሆኑ ነው። በአንድ ሰሞን፣ በአንዲት ከተማ ቅን ሰዎች እውነተኛውን ጥንታዊ ጥበብ በወረቀት ሲያሰፍሩ፣ በሌላዪቱ ከተማ አንድ ሐሳዊ ጸሐፊ ሐሰተኛ ጥንታዊነት ይፈጥር ነበር፤ የመጀመሪያው ጠፋ፣ ሁለተኛው ግን በ1819 ዓ.ም. በካርማርዘን ከአይስቴዝቮድ ጋር ተጣምሮ እስከ ዛሬ ይኖራል። በ20ኛው መቶ ዓመት የዌልስ ሊቃውንት ሐሰቱን አንድ በአንድ ቢገልጡትም ሥርዓቱን የተወው የለም።

ለምን እንዳልተወ በ1917 ዓ.ም. የሆነውን የሚያውቅ ሰው ይረዳዋል። በዚያ ዓመት ጉባኤው በቢርከንሄድ ሲከበር ለወንበሩ ቅኔ ካቀረቡት መካከል ብልጫ ያገኘው ገጣሚ በብዕር ስሙ ሲጠራ ከሕዝቡ መካከል የተነሣ የለም፤ ሁለተኛ ተጠራ፣ አልተነሣም፤ ሦስተኛ ተጠራ፣ አልተነሣም። ከዚያም ባለቅኔው ሄዝ ዊን፣ በትውልድ ስሙ ኤሊስ ኤቫንስ፣ የትራውስቪኒዝ የበግ እረኛ የነበረው፣ ከአምስት ሳምንት ያህል በፊት በቤልጅግ ግንባር መሞቱ ተነገረ። ወንበሩ በጥቁር ጨርቅ ተሸፈነ፤ ጉባኤውም እስከ ዛሬ የጥቁሩ ወንበር ጉባኤ ይባላል። በዚህ ሥርዓት አሸናፊው ከመቀመጡ በፊት ታላቅ ሰይፍ ከአፎቱ በከፊል ይመዘዝና የማኅበሩ አለቃ ሕዝቡን «ሰላም ነውን?» ብሎ ሦስት ጊዜ ይጠይቃል፣ ሕዝቡም ሦስት ጊዜ «ሰላም ነው!» ብሎ ሲመልስ ሰይፉ ይከተታል። የቅኔ ስሙ ትርጓሜ «የተባረከ ሰላም» የሆነ ወጣት በሞተበት ዓመት ያንን ጥያቄ የሰማ ሕዝብ፣ ጥያቄውን የፈጠረው ሰው ሐሰተኛ ነበር ብላችሁ ብትነግሩት ምን ይላችኋል?

ስለ ዌልስ ዜማ ሳልናገር እንዳላልፍ፣ ከሚያወዳድሩባቸው ጥበቦች አንዱን ብቻ ልጥቀስ። «ከርዝ ዳንት» በሚባለው አዘማመር በገና ደርዳሪው አንድ የታወቀ ዜማ ይጀምራል፤ ዘፋኙ ግን ዝም ብሎ ጥቂት ቤት ካሳለፈ በኋላ በበገናው ላይ ሌላ የራሱን ዜማ አንሥቶ የታወቀ ግጥም ይዘፍንበታል፣ ሁለቱም በየራሳቸው ጎዳና ሄደው በመጨረሻው ምት እኩል ይደርሳሉ። ልክ ሳይደርሱ የቀሩ እንደሆነ ዳኛው ብቻ ሳይሆን የኋላ ወንበር የያዙት አሮጊቶችም ያውቃሉ። ከ1950 ዓ.ም. ጀምሮ በጉባኤው መድረክ ከዌልሽ በቀር ሌላ ቋንቋ እንዳይነገር ተደንግጓል፤ ይህም ደንብ ብዙ ክርክር ያስነሣ ቢሆንም፣ በሰፊው ዓለም ዘንድ ጥቂት ሰዎች የሚናገሩት ልሳን በዓመት አንድ ሳምንት ያለ አስተርጓሚ የሚነግሥበት ግዛት አግኝቷል።

ወደ አየርላንድ እንመለስ፤ የነገሩ ሥጋና አጥንት ያለው እዚያ ነውና። በገናው ከተዳከመ በኋላ የገበሬው ቫዮሊን፣ የቆርቆሮ ዋሽንቱና «ኢለን ፓይፕ» የሚሉት፣ በአፍ የማይነፋ፣ በክርን ሥር በሚታቀፍ ወናፍ አየር የሚሞላ የከረጢት እምቢልታ በየጎጆው ይኖሩ ነበር። ሰው የሚጨፍረው በጎረቤት ቤት ወለል ላይ፣ በበጋም በመንታ መንገድ ላይ ነበር። ከሚጨፍሩትም ዋነኛው አራት ጥንዶች አራት ማዕዘን ሠርተው የሚሽከረከሩበት፣ ከናፖሊዮን ጦርነት የተመለሱ ወታደሮች ከፈረንሣይ አመጡት የሚባለው ጭፈራ ነው። የሚያስቀው ነገር፣ የአይሪሽን ልሳን ለማንሣት በ1893 ዓ.ም. የተቋቋመው የጌሊክ ማኅበር ይህን የገበሬ ጭፈራ ባዕድ ነው ብሎ ሲነቅፈው፣ በምትኩ «እውነተኛው የአገር ባህል» ብሎ ያቆመው «ኬሊ» የተባለው የጭፈራ ምሽት በመጀመሪያ የተደረገው በ1897 ዓ.ም. በለንደን ከተማ፣ ያውም የስኮትላንዶችን ስብሰባ አይቶ መሆኑ ነው። ከአገር ርቆ የሚኖር ሰው አገሩን ከአገሬው ይበልጥ ንጹሕ አድርጎ ማየቱ የለንደን አይሪሾች ብቻ ጠባይ አይደለም።

እውነተኛው መከራ የመጣው ግን ከውስጥ ነበር። በ1925 ዓ.ም. የአየርላንድ ጳጳሳት ስለ ጭፈራ ክፋት የጋራ መልእክት አወጡ፤ በ1935 ዓ.ም. ደግሞ ከዳኛ ፈቃድ ያልወጣበትን ሕዝባዊ ጭፈራ ሁሉ የሚከለክል ሕግ ታወጀ። ሕጉ ያነጣጠረው በንግድ አዳራሾች ላይ ቢሆንም፣ ቀናተኛ ቀሳውስትና የፖሊስ ሰዎች የጎረቤቱን ጓሮና የመንታ መንገዱን ጭፈራ ጭምር ስላሳደዱበት፣ ከቤት ወለል የተባረረው ዜማ ወደ አዳራሽ ገባ፤ አዳራሹ ሰፊ በመሆኑ ደግሞ አንድ ቫዮሊን አልሰማ ስላለ፣ ፒያኖና ከበሮ የጨመሩ፣ እስከ ዐሥር ሰው የሚደርሱ የኬሊ ጓዶች ተነሡ። (ከእነዚህ ስመ ጥር የሆነው የኪልፈኖራ ጓድ ከሕጉ ብዙ ቀድሞ በ1909 ዓ.ም. የተቋቋመው የአጥቢያውን ቤተ ክርስቲያን ለማሳደስ ገንዘብ ለመሰብሰብ ነው፤ ስለዚህ በቤተ ክህነትና በጭፈራ መካከል የነበረው ነገር ጠብ ብቻ ነበር ማለት አይቻልም።) በዚህ ላይ ስደት ተጨመረ፤ በ1950ዎቹ ብቻ 400,000 ያህል ሰው አገሩን ለቆ ሄደ። በገጠር ቫዮሊን መምታት የድህነት ምልክት ሆኖ፣ ቫዮሊኑን በመንገድ ይዞ መታየት የሚያሳፍር ነበር።

በዚህ ጊዜ፣ በ1951 ዓ.ም. በበዓለ ጰራቅሊጦስ ሰሞን፣ ከደብሊን የመጡ የእምቢልታ ነፊዎች ክበብ አባላትና የአገር ቤት ባልንጀሮቻቸው በማሊንጋር ከተማ «ፍላ ክዮል»፣ ማለትም «የዜማ ግብዣ» ጠሩ። የመጣው ሕዝብ በመቶ የሚቆጠር ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት የተነሣው ኮልታስ የተባለው ማኅበር ግን በዓሉን በየዓመቱ ከከተማ ወደ ከተማ እያዘዋወረ ስላሳደገው፣ ዛሬ በነሐሴ ወር ፍላው የሚውልባት ከተማ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ይገባባታል፤ በ2013 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ወሰኑን ተሻግሮ፣ ብዙ ደም በፈሰሰባት በሰሜን አየርላንዷ ዴሪ ከተማ ተከበረ።

ፍላው በቅርጹ ውድድር ነው። ልጁ በመጀመሪያ በአውራጃው፣ ቀጥሎ በክፍለ ሀገሩ ማለፍ አለበት፤ ካለፈም ከ12 ዓመት በታች፣ ከ12 እስከ 15፣ ከ15 እስከ 18፣ ከ18 በላይ ተብሎ በተከፈለው መደቡ ውስጥ በቫዮሊን፣ በዋሽንት፣ በአኮርዲዮን፣ በበገና፣ ወይም በጉሮሮው ይወዳደራል። በፉጨት የሚወዳደሩ አሉ፤ መሣሪያ በሌለበት ጊዜ ጨፋሪዎችን ለማንቀሳቀስ ትርጉም በሌለው ቃል ዜማውን በአፋቸው የሚያወርዱም አሉ። ብዙ ሰዎች ይህን የውድድር ሥርዓት ይነቅፉታል፤ ዳኛ የወደደውን አጨዋወት ሁሉ ስለሚከተል የየአጥቢያው ልዩ ቃና ይጠፋል፣ የስላይጎው ቫዮሊን ከክሌሩ አይለይም ይላሉ። ነቀፋቸው ከእውነት የራቀ አይደለም። እኔ ግን ዳኞቹን የማያቸው እንደ ሠርግ ሽማግሌዎች ነው፤ ያለ እነርሱ ሠርጉ አይጠራም፣ ሰው የሚመጣው ግን እነርሱን ለማየት አይደለም።

ምክንያቱም ከውድድሩ አዳራሽ በር ውጭ ሌላ ፍላ አለ። ልጆች በየመንገዱ ዳር የቫዮሊናቸውን ሳጥን ከፍተው ይጫወታሉ፤ በየመጠጥ ቤቱ ጥግ አንድ ሽማግሌ፣ ሁለት ተማሪዎችና ከጃፓን ወይም ከጀርመን የመጣ እንግዳ አንድ ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ። የማይተዋወቁ ሰዎች ያለ ልምምድ እንዴት አብረው ይጫወታሉ የሚል አንባቢ፣ የዜማውን አሠራር ማወቅ ያስፈልገዋል። አብዛኛው ዜማ ሁለት ክፍል አለው፤ ክፍሉ 8 የምት መደብ ሆኖ ሁለት ሁለት ጊዜ ስለሚደገም፣ ዜማው በ32 መደብ ይዞራል። «ሪል» የሚሉት ረጋጩ በአራት፣ «ጂግ» የሚሉት ዘላዩ በስድስት፣ «ስሊፕ ጂግ» የሚሉት በዘጠኝ ይቆጠራል። አንድ ዜማ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ከዞረ በኋላ የጀመረው ሰው በዓይኑ ምልክት ሰጥቶ ሳያቋርጥ ወደ ሌላ ይሻገራል፤ የሚያውቁት ይከተላሉ፣ የማያውቁት መሣሪያቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው እየሰሙ ይማራሉ። ሁሉም የሚጫወተው ያንኑ አንድ ዜማ ነው፤ ልዩነቱ አንዱ እዚህ አንድ ቅንጣት ሲያርገበግብ፣ ሌላው እዚያ ሲቆርጥ፣ ሦስተኛው ሲያንከባልል የሚወጣው ኅብር ነው። ይህ የመጠጥ ቤት ጉባኤ ደግሞ እንደሚባለው ጥንታዊ አይደለም፤ ለብዙዎች ዐይነተኛ መልኩን ያገኘው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ ጠባብ ክፍል ተከራይተው ጎረቤት የሚጠሩበት ወለል ያጡ የአየርላንድ የቀን ሠራተኞች በለንደን ካምደን ታውን አካባቢ በየመጠጥ ቤቱ ሲሰበሰቡ ነው።

በዚህ ሁሉ ጩኸት መካከል ድንገት አንድ ሰው «ዝም በሉ፣ ዘፈን አለ!» ይላል፤ ቤቱ ጸጥ ይላል። ዘፋኙ ያለ መሣሪያ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ «ሻን-ኖስ» በሚባለው የጥንት አዘፋፈን ረጅሙን የአይሪሽ እንጉርጉሮ ይጀምራል፤ ፊቱ ምንም አያሳይም፣ እጁም አያወናጭፍም፣ ኀዘኑ ሁሉ ያለው በፊደሉ ላይ ዜማውን በሚያጣምምበት ጥምጥም ነው። በአጠገቡ የተቀመጠው ሰው አንዳንድ ጊዜ የዘፋኙን እጅ ይይዝና በዜማው ልክ ቀስ እያለ ያሽከረክረዋል፤ ውኃ ከጉድጓድ እንደሚቀዳ ሰው። ከዚህ የበለጠ ሰሚነት አላውቅም።

በፈረንሣይ ጠረፍ የሚኖሩት ብሬቶኖች ደግሞ ዳኛም ወንበርም አያስፈልጋቸውም። «ፌስት-ኖዝ»፣ ማለትም «የሌሊት በዓል» የሚሉት ጉባኤያቸው ከእርሻ ሥራ በኋላ ጎረቤት ተጠራርቶ ሲጨፍር ያድርበት የነበረ ነው። ለአዲስ አውድማ የተዘረጋውን አፈር ለመጠቅጠቅ ባለቤቱ ጭፈራ ይጠራ ነበርና፣ የአንዳንዱ ጭፈራ ከባድ ረገጣ ከዚያ የመጣ ነው ይባላል፤ አውድማ ለሚያውቅ አንባቢ ይህን ማስረዳት አያሻኝም። ዘፈናቸው በሁለት ሰው የሚሄድ «ካን ሃ ዲስካን» ይባላል፦ መሪው ስንኙን ሲጨርስ ተቀባዩ የመጨረሻዎቹን ቃላት አብሮት አንሥቶ ስንኙን ብቻውን ይደግማል፣ መሪውም በተራው በመጨረሻው ላይ ይደርብበታል። በዚህ መደራረብ ምክንያት አንዱ ሲተነፍስ ሌላው ስለሚሸፍነው በዘፈኑ ውስጥ አንዲት ቀዳዳ አትገኝም፣ ጨፋሪውም እግሩን የሚያሳርፍበት ምክንያት ያጣል። ማሽን ገብቶ የመከር ደቦ ሲቀር ይህም ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር፤ በ1950ዎቹ ግን ሎይዝ ሮፓርስ የተባለ መምህር በፑላዌን መንደር ዘፋኞቹን ከአውድማ ወደ አዳራሽ አምጥቶ፣ ሠርቶ ማሳያ ሳይሆን ሁሉ የሚጨፍርበት ምሽት ስላደረገው ሥር ሰደደ። በ2012 ዓ.ም. የዩኔስኮ የሰው ልጅ ቅርስ መዝገብ ውስጥ ገባ። እዚያ ተመልካች የሚባል ነገር እምብዛም የለም፤ ሽማግሌው፣ ልጃገረዷና የባንኩ ጸሐፊ በትንሿ ጣታቸው ተያይዘው በረጅሙ ሰንሰለት ውስጥ ይጠመጠማሉ፣ እርምጃውን የማያውቀውም በግራና በቀኝ ያሉት ሰዎች ጣት ያስተምረዋል።

ስኮትላንዶች በ1892 ዓ.ም. በኦባን ከተማ የጀመሩት «ሞድ» የተባለ የጌሊክ መዝሙር ጉባኤ አላቸው፤ እርሱ የአይስቴዝቮድ ታናሽ ወንድም ስለሆነ አልዘገይበትም። ከእርሱ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ከስኮትላንድ ተራሮች ተፈናቅለው ወደ ካናዳ የሄዱት የኬፕ ብሬተን ደሴት ሰዎች ነገር ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የካናዳ ቴሌቪዥን የደሴቲቱ ቫዮሊን መቺ እየጠፋ ነው የሚል ፊልም አሳየ። ሰዎቹ ተቆጡ፤ ቀሳውስት ሳይቀሩ ኮሚቴ አቁመው፣ በየእርሻው ቤት ያሉትን ቫዮሊን መቺዎች ስም ጽፈው፣ በ1973 ዓ.ም. በግሌንዴል መንደር ከመቶ የሚበልጡትን በአንድ መድረክ ላይ አቆሙ። ፊልሙ ሐሰት ነበር ወይስ እውነት? ፊልሙ ባይኖር ኖሮ እውነት ይሆን እንደ ነበር እገምታለሁ። በዚያው ዓመት በአየርላንድ ደግሞ ዊሊ ክላንሲ የተባለው ታላቅ የእምቢልታ ነፊ በመሞቱ፣ ወዳጆቹ በተወለደባት በሚልታውን ማልቤይ ከተማ በየዓመቱ ለአንድ ሳምንት የሚቆይ ትምህርት ቤት መሠረቱለት፤ እዚያ ሽልማት የለም፣ ጠዋት ትምህርት ነው፣ ማታ ጭፈራ ነው፣ ያ ከናፖሊዮን ወታደሮች መጣ የተባለው ባለ አራት ጥንድ ጭፈራም በአዳራሹ ወለል ላይ ያለ ሐፍረት ይረገጣል።

ለ2026ቱ ፍላ አስተናጋጅነት የተመረጠችው ከተማ ቤልፋስት ናት። በየዓመቱ እንደሚሆነው ሁሉ፣ ከ12 ዓመት በታች የሆኑት በገና ደርዳሪዎች በአንድ ትምህርት ቤት መተላለፊያ ላይ ከራሳቸው የሚበልጠውን መሣሪያ ጉልበታቸው ላይ አስደግፈው ተራቸውን ይጠብቃሉ፤ አውታራቸው በአብዛኛው ናይለን ወይም አንጀት እንጂ እንደ ሄምፕሰን ናስ አይደለም፣ ጥፍራቸውንም እናቶቻቸው በማለዳው ቆርጠውላቸዋል። ከበሩ ወዲያ ያለው ክፍል ከአንድ ሰዓት በፊት ሞልቶ፣ የቀረው ሰው በግድግዳው ላይ ተደግፎ ቆሟል።